ተርሚናሉ ሲዘጋ የሚጠፋ ስም

መብራት ሲሄድ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ዩፒኤስ አለው፤ የእኛ ጠረጴዛዎች ግን የላቸውም። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ ማጓራታቸውን ሲቀጥሉ፣ ከፊት ለፊቴ የምትሠራው ተለማማጅ ልጅ ስክሪን ድርግም አለ። ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ቀና ብላ አምፖሉ ላይ አፈጠጠች። ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ መብራት በሄደ ቁጥር አምፖሉን ነው የምንቆጣው።

ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኮምፒውተሯ እስኪበራ 20 ደቂቃ አለፈ። ተርሚናሉን ከፈተች፣ ሁለት ፊደል ጻፈች፣ ኢንተር መታች። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» አላት። ደግማ ጻፈች። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሲሠራ ነበር እኮ!»

«ምኑ?»

«ያሳዩኝ አሊያስ። አሥራ አራት ሠርቼ ነበር፤ አንድም የለም።»

እውነቷን ነው። ጠዋት ቡና ስንጠጣ፣ ረጅም ትዕዛዝ በየጊዜው እየጻፈች ስትንገላታ አይቼ፣ ለትዕዛዙ አጭር ስም ማውጣት እንደሚቻል አሳይቻት ነበር። ጣፈጣት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ያሉትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ስም ስታወጣላቸው ዋለች። በጣም የኮራችበት የድረ ገጹን ሰርቨር የመዝገብ ፋይል የመጨረሻ 200 መስመር አውጥቶ፣ አዲስ የሚገባውን እግር በእግር የሚያሳየው ትዕዛዝ ነው፤ ባዶ ቦታው ሳይቀር 40 ምልክት የነበረውን ወደ ሁለት ፊደል አውርዳዋለች።

የላይኛውን ቀስት ደጋግማ ተጫነች፤ የጠዋቱን ጽሑፍ ከታሪክ ውስጥ ልታገኘው። የትናንቱ አለ፤ የዛሬው የለም። ይህ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ባሽ፣ ማለትም ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ሼል፣ የጻፍነውን ትዕዛዝ ሁሉ በማስታወሻው ይይዝና ወደ ፋይል የሚያሰፍረው ሲወጣ ነው። መስኮቱን ብንዘጋው ጊዜ አግኝቶ ይጽፍ ነበር። መብራት ሲሄድ ግን ተሰናብቶ አይሄድም፤ ባለበት ነው የሚሞተው፤ ኑዛዜ የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስም ማውጣቱን አሳየኋት እንጂ ስሙ እንዴት እንደሚቆይ አልነገርኳትም። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ያ ያልነገርኳት ግማሽ ነው። (ትዕዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም በአፋችን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ላቲን እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል።)

አሊያስ ማለት ቅጽል ስም ነው። እኛ አገር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን አባ ጠቅል ስንል የፈረስ ስማቸውን መጥራታችን ነው። ሰውዬው አይለወጥም፤ መጥሪያው ብቻ ያጥራል፣ ያምራል። ሼሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ መስመር ጽፈን ኢንተር ስንመታ የመጀመሪያውን ቃል ያነሣና በቅጽል ስሞች ሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልገዋል። ካገኘው ቃሉን አውጥቶ በቦታው ሙሉውን ትዕዛዝ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። ሥራውን የሚያከናውነው ፕሮግራም በቅጽል ስም መጠራቱን ጨርሶ አያውቅም።

አጻጻፉ ቀላል ነው። «አሊያስ» የሚለው ቃል፣ ባዶ ቦታ፣ አዲሱ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ረጅሙ ትዕዛዝ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ። ጀማሪን የሚያስለቅሰው የእኩል ምልክቱ ነው። በግራም በቀኝም ባዶ ቦታ አይወድም። ለዓይን እንዲያምር ብላችሁ ብታራርቁት፣ ሼሉ ስም አወጣችሁ ብሎ አያስብም፤ ሦስት የተለያዩ ስሞችን የጠየቃችሁት ይመስለውና «ይኼም የለም፣ ይኼም የለም፣ ይኼም የለም» ብሎ ይመልሳል። ነጠላው ጥቅስም ለይስሙላ አይደለም። በድርብ ጥቅስ ከጻፋችሁት በውስጡ ያለው የዶላር ምልክት ስሙ በሚወጣበት ሰዓት ይተረጎምና እንደዚያው ይደርቃል። ምልክቱ ያላችሁበትን ፎልደር የሚጠራ ከሆነ፣ ጠዋት የነበራችሁበት ፎልደር ማታም ሳይቀር ይከተላችኋል።

ግን ትዕዛዝ ማሳጠር ለምን አስፈለገ? ዩኒክስ ሲወለድ ጀምሮ የቃል ቁጠባ የነበረበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠሩበት ስክሪን የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ቴሌታይፕ 33 ነው፤ ቁልፉ የከበደ፣ በሰኮንድ 10 ፊደል ብቻ በወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን። በዚያ ላይ የሚሠራ ሰው «ዝርዝሩን አሳየኝ» ብሎ አይጽፍም። «ኤልኤስ» ይላል፤ «ሲፒ» ይላል፤ «አርኤም» ይላል። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ኪቦርድ ላባ ሆኖ ሳለ በዚያ ዘመን ቋንቋ የምናወራው የዚያ ማሽን ክብደት በትዕዛዞቹ ውስጥ ስለቀረ ነው።

የትዕዛዙ ስም ቢያጥርም በኋላ በኋላ ተከታዮቹ በዙ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሰረዝና ፊደል፣ ሰረዝና ፊደል እያስከተለ ረዘመ። ቢል ጆይ በ1970ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲ ሼልን ሲጽፍ አሊያስን ያስገባው ለዚህ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1979፣ ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል አሊያስ አልነበረውም። ቀጥሎ የዴቪድ ኮርን ሼል አስገባው። ብራያን ፎክስ ለጂኤንዩ ፕሮጀክት የጻፈው ባሽ በ1989 ሲወጣ ከቦርን አጥንቱን፣ ከሲ ሼልና ከኮርን ደግሞ እንዲህ ያለውን ምቾት ወስዶ ነው። ስሙም በቦርን ስም ላይ የተደረገ ቀልድ ነው፤ ቦርን እንደገና ተወለደ እንደ ማለት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ለዓለም ሲያስተዋውቅ አስቀድሞ እዚያ ላይ አስኬድኩ ካላቸው ፕሮግራሞች አንዱ ባሽ 1.08 ነበር።

ወደ ልጅቱ ልመለስ።

«የት ነበር የተቀመጠው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን «የትም» ነው። ተርሚናል ስንከፍት አንድ የባሽ ሂደት ይወለዳል። ቅጽል ስሞቹ ያሉት በዚያ ሂደት ራስ ውስጥ ብቻ ነው። አጠገቡ ሌላ መስኮት ብትከፍቱ ያኛው ሌላ ባሽ ነው፤ የጎረቤቱን ቅጽል አያውቅም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ልጁም አለማወቁ ነው። ባሹ ውስጥ ሆናችሁ «ባሽ» ብትሉ ልጅ ይወለዳል። ይህ ልጅ ኤክስፖርት የተደረጉትን ተለዋዋጮች ሁሉ ይወርሳል፤ ከርነሉ ራሱ ሲወለድ ያስረክበዋልና። ቅጽል ስሞች ግን በዚያ ርክክብ ውስጥ የሉም። ልጅ ከአባቱ ርስት ይወርሳል እንጂ ቅጽል ስም አይወርስም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ግማሹ እዚህም ይሠራል። በቃል ያለው በእርግጥ ተረሳ፤ አሥራ አራቱም። በጽሑፍ ያለው ግን እዚህ ቤት አይወረስም፤ ይነበባል። ባሽን የምመስለው በዳዊት ደጋሚ ነው። ትናንት የደገመውን ዛሬ አይቆጥረውም፤ ተነሥቶ ውሃ ከመቅመሱ በፊት መጽሐፉን ከፍቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደግማል። ባሽም በተወለደ ቁጥር፣ «ትዕዛዝ እጠብቃለሁ» የሚልበትን የዶላር ምልክት ከማሳየቱ በፊት፣ አንድ የታወቀ ፋይል ከፍቶ በውስጡ ያለውን ትዕዛዝ ሁሉ እኛ በእጃችን የጻፍነው ያህል መስመር በመስመር ይፈጽማል። ቅጽል ስም ዘላቂ ሆነ የሚባለው በዚያ ፋይል ውስጥ ሲገኝ ነው። ምንም ነገር አልተቀመጠም፤ በየማለዳው እንደ አዲስ ይወጣል እንጂ።

ያ ፋይል «ዶት ባሽአርሲ» ይባላል። ስሙ ራሱ የሁለት ታሪክ ቅሪት ነው። «አርሲ» የመጣው «ራንኮም» ከሚባል ነገር ነው። በ1960ዎቹ ኤምአይቲ ውስጥ ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ፣ በፋይል ውስጥ የተደረደሩ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ የሚያስኬድ ፕሮግራም ጽፎ ያወጣለት ስም ነው። «ሼል» የሚለውን ቃል ለዚህ ሥራ ያዋለውም እሱ ነው። ፊቱ ላይ ያለችው ነጥብ ደግሞ የስንፍና ልጅ ናት። ሮብ ፓይክ እንደተረከው፣ ዩኒክስ ውስጥ ፎልደር በፎልደር መሆን ሲጀምር የራሱንና የወላጁን ፎልደር የሚያመለክቱ አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብ የሚባሉ ስሞች መጡ። ዝርዝር በታየ ቁጥር እነሱም እየታዩ አስቸገሩ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሁለቱን ስሞች በትክክል ከመለየት ይልቅ «በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ እለፍ» ብሎ አንዲት መስመር ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሁሉ ድብቅ ሆነ። ዛሬ ሆም ፎልደራችሁን «ኤልኤስ» ብላችሁ ብታዩት ባሽአርሲን የማታገኙት ለዚህ ነው፤ «ሰረዝ ኤ» ካልጨመራችሁ አይወጣም።

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ልጻፈው?»

«ጻፊው። ግን መጀመሪያ ውስጡን እዪው።»

በናኖ ከፈተችው። ኡቡንቱ ላይ ይህ ፋይል ባዶ ሆኖ አይመጣም፤ ከመቶ በላይ መስመር ይዞ ነው የሚመጣው። ዝቅ ስትል የተዘጋጁ ቅጽሎች አገኘች፤ «ኤልኤል»፣ «ኤልኤ»፣ «ኤል»። ስትጠቀምባቸው ኖራለች፤ ቅጽል መሆናቸውን ግን አታውቅም ነበር፤ ዋና ስም ይመስሏት ነበር። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ዶት ባሽ አሊያስስ የሚባል ፋይል ካለ እሱንም አንብብ» የሚል ትእዛዝ አለ። ፋይሉ ግን የለም፤ ባለቤቱ እንዲፈጥረው የተተወ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው እዚያ መጻፍን ነው። ዋናውን ፋይል መነካካት አያስፈልግም፤ ማሽን ስትቀይሩ አንዷን ትንሽ ፋይል ይዞ መሄድ ነው፤ ስትሳሳቱም የምትሳሳቱት በራሳችሁ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የምመክረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ በዓመቴ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ አንዲት ቅጽል ወደ ባሽአርሲ ልጨምር ፈለግኩ። ፋይሉን ከፍቶ መጻፍ የጀማሪ ሥራ መሰለኝና በ«ኤኮ» ከውጭ ልወረውራት ወሰንኩ። ጽሑፉን ወደ ፋይል የሚልከው ምልክት ወደ ቀኝ የዞረ ቀስት ነው። ሁለት ቀስት ማለት «ከመጨረሻው ጨምር» ነው። አንድ ቀስት ማለት «ያለውን አጥፍተህ ይህን ጻፍ» ነው። እኔ አንድ ነበር የመታሁት። ባሽ ምንም አላለም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ልማዱ ነው። ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። ተርሚናሉ ቀለም የለውም፤ የለመድኩት ነገር ሁሉ የለም፤ መቶ ምናምን መስመር የነበረው ፋይል አንድ መስመር ሆኗል፤ እሷም ያቺ የጨመርኳት ቅጽል ናት፤ ብቻዋን ቤቱን ወርሳለች።

አንድ ሰዓት ያህል ከላብ ጋር ከታገልኩ በኋላ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ በአንድ መስመር መለሰልኝ። «ኢቲሲ» ውስጥ «ስኬል» የሚባል ፎልደር አለ፤ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚሰጡ ፋይሎች ናሙና የሚቀመጥበት። ከዚያ ባሽአርሲን መገልበጥ ብቻ ነው። ለብዙ ወራት «ባለ አንድ ቀስቱ» ይለኝ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም ቅጽልን የሚያወጣው ባልደረባ ነው።

ልጅቱ ፋይሉን ፈጥራ ከደብተሯ እያየች አሥራ አራቱን እንደገና ጻፈች። ጠዋት መስኮቱ ገና ክፍት ሳለ ብናስብበት ኖሮ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም ነበር። «አሊያስ» ብላ ብቻ ኢንተር ብትመታ ያሉትን ሁሉ ይዘረዝርላታል፤ ባሽ ደግሞ የሚዘረዝራቸው ተመልሰው ሊነበቡ በሚችሉበት ቅርጽ ስለሆነ ያንኑ ዝርዝር በሁለት ቀስት (ሁለት!) ወደ ፋይሉ መላክ ይበቃ ነበር።

ሴቭ አደረገች። ወደ ዶላር ምልክቱ ተመልሳ ሁለቷን ፊደል ጻፈች። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ።»

ፊቷን ማየት ነበረባችሁ።

ዳዊት ደጋሚው ማለዳ ያነበበውን አንብቧል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ላይ ገጽ ብትጨምሩ እንደገና እስኪከፍተው አያውቅም። ወይ መስኮቱን ዘግቶ መክፈት ነው፣ ወይ «ሶርስ» ብሎ ፋይሉን በስሙ ማስነበብ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። «ሶርስ» በማለት ፈንታ «ባሽ» ብለው ፋይሉን ያስኬዱታል። ስህተት አይታይም፤ ግን ቅጽሎቹ አይገኙም። ምክንያቱም «ባሽ» ያሉት ጊዜ ልጅ ተወለደ፣ ልጁ ፋይሉን አነበበ፣ ስሞቹን ሁሉ አወቀ፣ ሥራውን ጨርሶ ሞተ። አባትየው የሰማው የለም። «ሶርስ» ግን «አንተው ራስህ አንብብ» ማለት ነው። ደግሞም፣ ከፋይሉ የሰረዛችሁት ቅጽል ሶርስ በማለት ብቻ አይጠፋም፤ ማንበብ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እሱን «አንአሊያስ» ነው የሚያጠፋው።

ሁለት ፊደል፤ ኢንተር። መዝገቡ መውረድ ጀመረ። እጇን አጨበጨበች።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ብዙ ሰው «አስቀምጬው ነበር፣ ጠፋብኝ» የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ምክንያት ነው፤ ባሽ የሚያነበው መጽሐፍ በገባበት በር ይለያያል። እንደ ትልቅ ግቢ አስቡት። ከውጭ መጥታችሁ በዋናው በር ስትገቡ ዘበኛ አለ፣ መታወቂያ አለ፣ መዝገብ አለ። አንዴ ከገባችሁ በኋላ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወሩ የሚጠይቃችሁ የለም። በኤስኤስኤች ከሩቅ ሰርቨር ላይ ስትገቡ በዋናው በር ነው የገባችሁት፤ ይህ ሎግ ኢን ሼል ይባላል። በራሳችሁ ኡቡንቱ ላይ፣ አስቀድማችሁ ከገባችሁ በኋላ፣ የተርሚናል መስኮት ስትከፍቱ ግን ክፍል መቀየር ነው። ባሽአርሲ የሚነበበው በክፍል በር ነው። በዋናው በር የሚነበበው ሌላ ነው። መጀመሪያ ዶት ባሽ ፕሮፋይልን ይፈልጋል፤ ከሌለ ዶት ባሽ ሎግኢንን፤ እሱም ከሌለ ዶት ፕሮፋይልን። ያገኘውን የመጀመሪያውን ያነባል፤ የቀሩትን ዞር ብሎም አያያቸው።

እንግዲህ በሰላሙ ጊዜ ይህ አይታወቅም። ኡቡንቱ ላይ ዶት ፕሮፋይል ውስጥ «ባሽአርሲንም አንብብ» የሚል መስመር ስላለ በየትኛውም በር ብትገቡ ቅጽሎቻችሁ ይጠብቋችኋል። ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ያቺ መስመር ያለችው ባሽ ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ችግር የሚመጣው አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ፕሮግራም ሲጫን፣ ኡቡንቱ ላይ ባሽ ፕሮፋይል የሚባል ፋይል ሲፈጥር ነው። በዚያች ቅጽበት ዶት ፕሮፋይል ወረፋው አይደርሰውም፤ እሱ ካልተነበበ ባሽአርሲም አይነበብም። ማንም የነካው ፋይል የለም፣ ሁሉም በቦታው ነው፣ ቅጽሎቹ ግን የሉም። እኔ ይህን ለመፈለግ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ፤ ባሽአርሲን መቶ ጊዜ ከፍቼ «እንከን የለህም እኮ» እያልኩት።

ማክ ያላቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ የተሰጣቸው ሼል ዚ ሼል ነው፤ ፋይሉም ዶት ዚኤስኤችአርሲ ነው። በየትኛውም በር ቢገባ ያንን ስለሚያነብ ከዚህ ራስ ምታት ተርፈዋል። ፊሽ የሚባለውም አለ፤ እሱ ቅጽሉን ሲያወጡለት አብሮ አስቀምጠው ሊሉት ይቻላል። እኔ ግን በማንኛውም ሰርቨር ላይ የሚጠብቀኝ ባሽ ስለሆነ ባሽን ይዤ ቀርቻለሁ።

ቅጽል የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። በስክሪፕት ውስጥ አይሠራም፤ ባሽ ፊት ለፊቱ ሰው ከሌለ ቅጽል አይተረጉምም። ክሮን በሌሊት የሚያስነሣው ሥራም ቅጽላችሁን አያውቅም። ለፕሮግራም ሙሉ ስም ይጻፋል፤ ቅጽል ለሰው አፍ ነው። «ሱዱ»ን ተከትሎ ከመጣም አይሠራም፤ ሼሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሱዱ ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ሱዱን ራሱን በሱዱ ስም ቅጽል አድርጋችሁ ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ትታችሁ ጻፉት። በባዶ ቦታ የሚያልቅ ቅጽል ሲያገኝ ባሽ ቀጣዩንም ቃል ይመረምራል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ባዶ ቦታ ላይ እንዲንጠለጠል ማን እንደፈቀደ አላውቅም፤ ይሠራል ግን።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። አደገኛ ትዕዛዝን በራሱ ስም አታለዝቡ። በሬድ ሃት ቤተሰብ ሰርቨሮች ላይ የሩት ተጠቃሚ «አርኤም» ሲል ከጀርባው «አርኤም ሰረዝ አይ» ነው፤ እያንዳንዱን ፋይል ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። በጎ አሳብ ነው። ሰው ግን ይለምዳል። በዚያ ጥያቄ የለመደ አንድ ባልደረባችን ሌላ ሰርቨር ላይ ገብቶ «አርኤም» ከኮከብ ምልክት ጋር ጻፈ፤ ሲጠይቀው የማይፈልገውን «አይ» ሊል። ያኛው ማሽን ግን ቅጽሉ የለውም፤ አልጠየቀም። ባልደረባችን ስክሪኑ ላይ የቀረውን ባዶ ዶላር ምልክት እያየ ጥያቄው እስኪመጣ ሲጠብቅ ነበር። የሚጠይቀውን አርኤም ከፈለጋችሁ ሌላ ስም አውጡለት፤ በሌለበት ማሽን «አልተገኘም» ይላችኋል፤ ያ ደግሞ የማያስለቅስ መልስ ነው።

ወሬያችን እዚህ ሲደርስ ልጅቱ ሌላ ነገር ታስብ ኖሯል።

«ጋሼ፣ በአማርኛስ አይሆንም?»

ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ገብቷል፤ ባሽም ለቅጽል ስም የሚከለክለው እንደ ዶላር፣ እንደ እኩል፣ እንደ ጥቅስና እንደ ባዶ ቦታ ያሉ ለራሱ ሥራ የያዛቸውን ምልክቶች ነው። ቀኝ እጁ ላቲን ሆኖ ግራው «ዝርዝር» ቢሆን አይከፋውም። ሞከረችው። «ዝርዝር» ለኤልኤስ፣ «አጽዳ» ለክሊር፣ «ውጣ» ለኤግዚት። «ዝርዝር» ብላ ኢንተር ስትመታ ፋይሎቹ ተግተልትለው ወጡ፤ እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ ከዚህ በፊት ሞክሬው ሳለ።

ደስታው ግን ሒሳብ ሲሠራበት ይቀንሳል። «ኤልኤስ» በላቲን ሁለት ቁልፍ ነው። «ዝርዝር» በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ አራት ነው፤ ለመግባት አንድ ጊዜ፣ ለመውጣት አንድ ጊዜ ኪቦርድ መቀየር አለ፤ የፋይሎቹ ስም ላቲን ነውና። አጭር ስም ፈልገን ረጅም አገኘን። የጥንቱን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ ልጠቀም ብትሉ ደግሞ ባሽ እንደ ፊደል ነው የሚያየው፤ ቃላት የሚለዩት በባዶ ቦታ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ግራፊክስ በሌለበት ጥቁር ኮንሶል ላይ እንኳ ፊደላችንን ማሳየት ይቻላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ኮንሶሉን በሚያዘጋጁበት ጥቅል ውስጥ ጎሃ የሚባል የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ አለ፤ አንድ ሰው ለዚያ ሥራ ቁጭ ብሎ ነጥብ በነጥብ ስሎታል። የአማርኛ ቅጽልን ለዕለት ሥራዬ አልጠቀምበትም። ለሚማር ልጅ ግን፣ ትዕዛዝ ማለት በባዕድ ቋንቋ የሚባል ድግምት አለመሆኑን ለማሳየት፣ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

ልጅቱ የአማርኛዎቹን ሦስት ቅጽሎች አልሰረዘቻቸውም። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ትታቸው ተርሚናሉን ዘጋች፣ ከፈተች፣ «ዝርዝር» አለች። አለ። እንደገና ዘጋች፣ ከፈተች። አለ።

«ሰርቨሩም ላይ አሁን ይኖራል ማለት ነው?»

«የለም። ያ ሌላ ቤት ነው። ፋይሉን ይዘሽ ሂጂ።»

ፋይሉን ገለበጠችው። በኤስኤስኤች ገባች። ሁለቷን ፊደል ጻፈች፤ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ»። ዘወር ብላ አየችኝ፤ እኔ ወደ ሻዬ ተመለከትኩ። ትንሽ ቆየችና ማንም ሳይነግራት «ኤልኤስ ሰረዝ ኤ» ብላ ድብቆቹን አወጣች። በነጥብ የሚጀምሩት ተራ በተራ ተደርድረዋል። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ታች ስትወርድ አንዱ ላይ ቆመች።

«ዶት ባሽ ፕሮፋይል አለ።»

«ክፈቺው።»

ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ተነሥቶ ወደ ተጣለ ፕሮግራም የሚያመለክት የመንገድ አድራሻ። ባሽአርሲን የሚጠራ ነገር የለውም።

«ማን ነው የጻፈው?»

ቀኑን አየሁት። ከዚያ የተጠቃሚውን ስም አየሁት። ሻዬን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ እሷ ጠረጴዛ ጎተትኩ።